በወንዙ ዳር ብቻ የሚጠራ ስም

ያለፈውን ሳምንት ላላነበባችሁ በአንድ ትንፋሽ ልንገራችሁና እንቀጥል። ሚኒያፖሊስ ያለ ሐበሻ ሁሉ በሪሁን ብሎ የሚጠራው፣ የእኔ የቲጂ ወንድም ነው ብሎ የሚያምነው ሰው ወንድሜ አይደለም። ወንድሜ በሪሁን ናይሮቢ በተከራየናት ክፍል ውስጥ በሳምባ ምች ሞቷል። አሜሪካ እንድንገባ ለሦስታችን ተፈቅዶ፣ ትኬት ስንጠብቅ ነው የሞተው። እናቴ ወይዘሮ ስመኝ እንባዋን ዋጠች። ልጇን እስከ መጨረሻው ያስታመመላት ጎረቤታችን ነበር፣ ወላጅ የሌለው የወለጋ ልጅ። እጁን ያዘችና "ከዛሬ ጀምሮ በሪሁን አንተ ነህ" አለችው።

ሂርጳ ይባል ነበር። በሟች ስም አውሮፕላን ላይ ወጣ። አንድ ክረምት አብሮን ኖረና ደቡብ ወዳለ የሥጋ ፋብሪካ ሄደ፤ እዚያው ዓመታት ቀረ። የሄደው ከአንዲት ኮስማና ልጅ ቤት ነበር፤ ሲመለስ በሩን የከፈተችለት ሴት ነበረች። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁም ትደርሱበታላችሁ፤ አንባቢዎቼ ሞኞች አይደሉም።

ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ኤደን ፕሬሪ ካለው መጋዘን የሥራ ሽፍቱን ጨርሶ ይወጣል፤ እኔ ከማስታምማት አሮጊት ቤት ድራይቭ አድርጌ እመጣለሁ። ከገደሉ ሥር፣ ሚኒሶታ ወንዝ ዳር እንገናኛለን። መንገዱ ለእግር ጉዞ የተሠራ ነው፤ አቀበት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ልጅ በጋሪ የሚገፋበት ሜዳ። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል ጫካው። ይህን ቦታ የመረጥነው ለውበቱ አይደለም። ሐበሻ ስለማይመጣበት ነው። የእኛ ሰው ጉዳይ ሳይኖረው ጫካ አይዞርም፤ በእግሩ የሚሄድ ዘመድ ካየ መኪናው ተበላሽታበት ነው ብሎ ይቆምለታል።

ያን ቅዳሜ ወንዙ ደስ አላለኝም። መጋቢት ነው፤ በረዶው መሰንጠቅ ጀምሯል። ሲረግጡት የሚጮህ ሳይሆን ማንም ሳይነካው ከሥሩ የሚያቃስት በረዶ ነበር። ራቁታቸውን የቆሙት ዛፎች ግንድ ላይ ደግሞ ከራሴ በላይ የደረቀ የጭቃ መስመር አለ።

"ውሃው እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር?" አልኩት።

"ዘንድሮም ይመጣል። በረዶው በዝቶ የለ? ሲቀልጥ የት ይሂድ?"

"አንተ ደግሞ መርዶ ስትናገር እንዴት ይመችሃል!"

ሳቀ። እጄን ከእጁ ጋር በጃኬቱ ኪስ ውስጥ አስገባው። ጓንት ረስቼ አልነበረም። ጓንት ይዤ የማልመጣው ለዚህ ነው።

"ጥሪኝ" አለኝ።

"ሂርጳ።"

"ድገሚው።"

"ሂርጳ! ምነው፣ ጠፋብህ እንዴ?"

"አቦ፣ እሱስ ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚኖር ሰው ራሱን መርሳቱ አይቀርም።"

መልስ ነበረኝ። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ አንድ ሰው ብቅ አለና ዋጥኩት። ረጅም ካፖርት፣ በአንገት ላይ የተጠመጠመ ነጠላ፣ ከሥር ደግሞ ወተት የመሰለ አዲስ ስኒከር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ጋሽ ቂርቆስ! የከተማው ጋብቻ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል፤ ጠቡም እንደዚያው።

"እናንተም እዚህ ናችሁ!" አሉ እያለከለኩ። "ስኳር አለብህ አለኝ ሐኪሙ። ወይ በእግርህ ትሄዳለህ፣ ወይ ጠቅልለህ ትሄዳለህ ብሎኝ ይኸው!"

እጃችንን ለማውጣት ጊዜ አላገኘንም። ዓይናቸው ወደ ኪሱ ወረደ። አንድ ኪስ፣ ሁለት ክንድ።

ጋሽ ቂርቆስ ግን ፊታቸው በራ። "ወንድም ማለት ይሄ ነው! የእህቱን እጅ ብርድ እንዳይነካው! የእኔዎቹ በአንድ መኪና እንኳ አይሄዱም። እግዚአብሔር አይለያችሁ።"

"አሜን" አለ ሂርጳ፤ አንገቱን ሰብሮ።

ከዚያ እኔን አዩኝ። ከእግር እስከ ራስ፣ ቀስ ብለው፣ በግ ሊገዛ ገበያ እንደ ወጣ ሰው። "አንቺ አላገባሽም አይደል፣ የኔ ልጅ?"

"አላገባሁም፣ ጋሽዬ።"

"ደግ" አሉና አለፉ። ነጩ ጫማቸው በዛፎቹ መሐል ብልጭ እያለ እስኪጠፋ ድረስ አየነው። ሰው ሲሰድበኝ እንዴት እንደምመልስ አውቃለሁ። ሰው ሲመርቀኝ እንዲያ ብርድ ብርድ ሲለኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

*

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስገባ እማዬ ወጥ ቤት ቆማ ምስር ትለቅማለች። የምንኖረው ሴዳር ሪቨርሳይድ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ነው፤ ከመስኮቱ ሚሲሲፒ ይታያል። ቀና ሳትል "እሑድ እንግዳ አለብን" አለች። "ጋሽ ቂርቆስ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። ለወንድማቸው ልጅ አንቺን ብለዋል። ሁለት ትልልቅ መኪና ያለው፣ ከስቴት ስቴት የሚጭን።"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"እሑድ ይጠየቃል። የሚጠየቀው ወንድምሽ ነው። ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።"

እሺ ብሏል! ስልኬን አወጣሁ። መልእክቱ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ኖሯል፤ ሥራ ላይ ሳለሁ አላየሁትም። "እሑድ ጋሽ ቂርቆስ ይመጣሉ። እቀመጣለሁ።" ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ቃል የለውም። ሰው ፍቅረኛውን ሲድር በአምስት ቃል ይድራል?

"ተቀመጥ። ወንበሩ ይመችህ።" ብዬ ላክሁለት። አልመለሰም። ኩራቴ እንዳይሞት ደግሜ አልጻፍኩም። አሁን ሳስበው ያን ሌሊት እሱ ሳሎን፣ እኔ ክፍሌ ሆነን ስልካችንን ደረታችን ላይ አድርገን ነው ያነጋነው፤ ያኔ ግን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

"እማዬ፣ የማላውቀውን ሰው አላገባም።"

ምስሩን አስቀመጠች። ወደ በሩ ሄደች፤ ጫማዬን አነሳችና ሶሉን አሳየችኝ። ግራጫ ጭቃ፣ መሐሉ ላይ የበሰበሰ ቅጠል።

"የሁለታችሁም ጫማ በአንድ ጭቃ ነው የሚገባው" አለች። "እሱ ሲመጣ አይቻለሁ፣ አንቺ ስትመጪ አይቻለሁ። እኔ ዕውር ነኝ እንዴ? ዝም ያልኩት ይበርድላችኋል ብዬ ነው።"

"እሱ ወንድሜ እንዳልሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም!"

"ቀስ በይ!" ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት አለ፤ ቴሌቪዥኑ ይሰማል። ድምጿን ወደ ሹክሹክታ አወረደች። "ቀኝ እጄን አንስቼ ልጄ ነው ብዬ ምያለሁ። ዘንድሮ ዜናውን አትሰሚም? ኢሚግሬሽኖቹ የድሮ ፋይል ሳይቀር እያወጡ ነው የሚያዩት። አሁን እህቱን አገባ ቢባል ነውር ነው። አይ፣ እህቱ አይደለችም ብንል ደግሞ እሱን ይወስዱታል፤ እኔንም ይወስዱኛል። ምረጪ።"

መረጥኩ ወይ? አልመረጥኩም። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁት፤ የበሩ ድምፅ ደግሞ ከውጭ የተቆለፈብኝ መሰለኝ።

*

ቅዳሜ ወንዝ ዳር አልሄድኩም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። በወጉ መሠረት እኔ ጓዳ ነኝ፤ በሩ ግን በጣት ስፋት ክፍት ነው። ያንን ስፋት የለካሁት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። አይቀመጡም፤ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ መቀመጥ ነውር ነው። ሂርጳ ለአባት በተተወው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩን ተቆርጧል። ለእኔ ብሎ እንደዚያ አጊጦ አያውቅም። ጥርሴን ነከስኩ።

"ጾም ነው፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው" አሉ ጋሽ ቂርቆስ። "ለቃል ግን ጾም የለውም። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። አባት ባለበት አባት፣ አባት በሌለበት ወንድም ነው። በሪሁን፣ ልጄ፣ ባለፈው እናንተን ጫካ ውስጥ ካየሁ ወዲህ ይሄ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። እንዲህ የሚዋደድ ቤት ልጅ ያስገኛል አልኩ። እንግዲህ ቃሉ ያንተ ነው።"

እማዬ የሂርጳን ከንፈር ታያለች። የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ እያጠበቀች፣ ቃሉን ከአፉ ጎትታ ልታወጣው የፈለገች ትመስል ነበር። ሂርጳ እሷን አያት። አስተያየቱን አወቅሁት። ወንድሜን አዝሎ ወደ ክሊኒክ ሲሮጥ፣ መንገድ ላይ ቆሞ እማዬን ያያት ልክ እንደዚያ ነበር፤ "አይዞሽ፣ እኔ እሸከመዋለሁ" የሚል ዓይን። ቂሜ ሁሉ ያን ጊዜ ከላዬ ላይ ረገፈ። ሊሸጠኝ አልተቀመጠም። ሊሸከመን ነው የተቀመጠው።

"ጋሽ ቂርቆስ" አለ። "እኔ እህቴን..."

"እህቴን" ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። በሩን ከፈትኩት።

"ሰው አለኝ" አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን ይዞ "አሜሪካ!" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ በቂ ነበር።

ጋሽ ቂርቆስ አልተቆጡም። "ማነው ልጄ? ስም የለውም?"

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ፣ ለእኔ ብቻ። አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም።

"ሂርጳ ይባላል" አልኩ።

ያ ስም በዚህ ቤት ጣራ ሥር ተጠርቶ አያውቅም። ግድግዳው ሰማው፤ ቴሌቪዥኑ ወዲያ ማዶ መንተባተቡን ያቆመ መሰለኝ። ሂርጳ ወንበሩን ጨበጠ።

"ሂርጳ..." አሉ ጋሽ ቂርቆስ፣ ጺማቸውን እየዳሰሱ። "የማን ልጅ ነው? ይሄን ሁሉ ሰው ሳውቅ እሱን እንዴት አላወቅሁትም?" ወደ ወንበሩ ዞሩ። "በሪሁን፣ ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ" አለ።

"እንደ ወንድም ንገረኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። "ፈሪ ነው" አለ።

"ምን?"

"ፈሪ ነው፣ ጋሽዬ። ያጎረሱትን ሰዎች እጅ መንከስ ይፈራል። የሞተን ሰው ቦታ መልቀቅ ይፈራል። እሷን ማጣት ይፈራል። ሦስቱንም እኩል ስለሚፈራ ከቦታው አይነቃነቅም።"

"ይወዳታል ግን?"

"እሷ ስሙን ስትጠራው ፍርሃቱን ይረሳዋል። ከዚህ ሌላ የማውቅለት ነገር የለም።"

እንደዚያ በአደባባይ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በእናቴ ፊት እወድሻለሁ የተባለች ሴት ካለች ትንገረኝ። ጉንጬ ላይ የወረደውን አልጠረግሁትም፤ ማንም እንዲያየው ፈለግሁ።

"ወንድ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ" አሉ ጋሽ ቂርቆስ። "ከፈለገ እኔን ይላከኝ፣ እመጣለሁ። ነገር ግን ፊቱን ሳላይ የምመርቀው ሰው የለም። ለሆሳዕና ይምጣና ፊቱን ልይ።"

ሲወጡ በሩ ላይ ዘገዩ። እዚያ የተሰቀለውን የሂርጳን ጃኬት አዩት። ከዚያ ኪሱን። ከዚያ የእኔን እጅ። ስኒከራቸውን ክሩን ሳያስሩ አጠለቁ። ባርከውን አልወጡም።

*

"በሪሁን" አለች እማዬ፣ በሩ እንደ ተዘጋ።

የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

"በሪሁን!"

ከወንበሩ ተነስቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። "እማዬ፣ በሪሁን እኮ የለም" አላት፤ ለሕፃን እንደሚነግር ሰው፣ ቀስ ብሎ።

በጥፊ መታችው። ከዚያ ያንኑ ጉንጩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አንተ ሂርጳ ከሆንክ የእኔ ልጅ ዛሬ ሞተ" አለች። "አላለቀስኩለትም። ደረቴን አልደቃሁለትም። ተዝካሩን አላወጣሁም። ለማን ልንገር? ስሙ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ቁርስ ይበላል! ሰው 'በሪሁን ደህና ነው?' ይለኛል፤ ደህና ነው እላለሁ። ይኸን ሁሉ ዓመት ደህና ነው እያልኩ!"

እኔ እናቴን ጠንካራ ናት እል ነበር። በሰው ፊት እመካባት ነበር። ጥንካሬዋ አፏ ላይ የተጫነ ድንጋይ እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ እኮ ወንድሜን ማጣቴን በየቅዳሜው ወንዝ ዳር አወራዋለሁ፤ እሷ የት ሄዳ ታውራ?

ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ግድግዳውን አየችና መልሳ ዘጋችው።

"የት ነው የምትሄዱት?" አለች። "ያ ጭቃ ያለበት። ሰው የለበትም?"

"የለበትም" አልኳት።

"ጫማዬን አምጪልኝ።"

መኪናውን ሂርጳ ይነዳል፤ እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ቤተሰብ እንደምንመስለው ሆነን። ገደሉ ሥር ስንደርስ መንገዱን አላገኘነውም። በረዶው ተሰብሮ ሄዷል፤ ቡናማ ውሃ ከወንዙ ወጥቶ ጫካው ውስጥ ገብቷል። በየሳምንቱ የምንሄድበት ሜዳ ከሥሩ ነበረ። ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ቆመውበታል፤ የበር ያህል የበረዶ ስባሪ እየመጣ በግንዶቹ ይላተማል። ድምፅ አልባ ነበር፤ ለዚህ ነው ያስፈራኝ። ውሃ ሲጮህ ያስጠነቅቃል፤ ይሄኛው ዝም ብሎ ነበር የሚመጣው።

እማዬ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

"በሪሁኔ" አለች መጀመሪያ፤ ልክ ድሮ ትጠራው እንደነበረው። ከዚያ ጮኸች። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ከየት እንደወጣ አላውቅም። "ልጄን! ልጄን! በሰው አገር ጥዬህ! ያለ አልቃሽ ቀብሬህ!" ደረቷን ደቃች፤ ወፎች ከዛፎቹ ላይ ተነሱ። እኔ በአንድ ወገን፣ ሂርጳ በአንድ ወገን ያዝናት። አብረናት አለቀስን። የወንድሜ ለቅሶ ይኸው ነው፤ ሦስት ሰውና አንድ ጎርፍ።

ከገደሉ ላይ አንዲት ፈረንጅ ቀይ ኮፍያ አድርጋ፣ ትልቅ ውሻ እየሳበች ወደ እኛ ሮጠች። "ደህና ናችሁ? ሰው ውሃ ውስጥ ገባ? 911 ልደውል?"

ሂርጳ ቀና አለ። ፊቱ በእንባ ረጥቧል። "አይ፣ አትደውዪ" አላት በእንግሊዝኛ። "ልጇ ሞቶባት ነው።"

"አምላኬ! በጣም አዝናለሁ። መቼ?"

እኔን አየኝ። እናቴን አየ። ውሃው በዚያች ቅጽበት የጫማውን ጫፍ ነክቶ ነበር፤ አልሸሸም።

"ዛሬ" አላት።

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አንተስ ዘመዷ ነህ? ስምህ ማነው?"

እንዳይናገር ልለው ፈለግሁ፤ እንዲናገር ልለውም ፈለግሁ።

"ሂርጳ" አለ። "ሂርጳ እባላለሁ።"

ሴትየዋ ስሙን በፈረንጅ አፏ ሰባብራ ደገመችው፤ እጸልይላችኋለሁ አለችና ውሻዋን እየጎተተች ዳገቱን ወጣች። እናቴ ለቅሶዋን አላቋረጠችም። እጇን ዘርግታ የጃኬቱን ጫፍ ግን ያዘች፤ አጥብቃ። ልትይዘው ይሁን ልትገፋው ከአያያዟ መለየት አቃተኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይህን ስም ከእኔ ሌላ ሰው እንዲሰማው ስንት ቅዳሜ ለምኛለሁ! አሁን ግን የማላውቃት ሴት በአፏ ይዛው ወደ ከተማው ስትሄድ አየሁ። ቀይ ኮፍያዋ በዛፎቹ መሐል አንዴ ታየ፤ አንዴ ጠፋ። መጀመሪያ ቀናሁባት። ከዚያ ፈራሁ፤ ጠርቼ ልመልሳት እስክፈልግ ድረስ ፈራሁ።